ነጠላው የተገለጠ ዕለት

የሻይ ማንኪያ የብርጭቆ አፍ ሲነካ የምትሰማው ያቺ ቀጭን ድምፅ ዛሬም ከያዝኩት ሥራ ታስቆመኛለች። ሰው ስኳር የሚያማስል ይመስለዋል፤ እኔ ግን ወዲያው በግንብ በታጠረችው ከተማችን፣ ፈላና በር አጠገብ ወደነበረው ቤታችን ተመልሼ፣ ታናሽ ወንድሜ ደረጀ አፉን እንደ ጫጩት ከፍቶ ቀጣይዋን ጠብታ ሲጠብቅ አየዋለሁ።

ደረጀ የተወለደው በሐምሌ ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የዚያ ክረምት ዝናብ ከግንቡ ውጭ ያለውን መንገድ አጨቅይቶት፣ ገበያተኛው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በበሩ ይገባ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር የስፌት መኪናው በፊተኛው ክፍል ከጠዋት ጀምሮ ይንኳኳ ነበር፤ ደረጀ ከተወለደ ወዲህ ግን ልጁ ሲያለቅስ ምን ሆነ ብሎ ያቆማል፣ ዝም ሲል ደግሞ ምነው ዝም አለ ብሎ ያቆማል፣ እናም ያን ክረምት አንድ ሱሪ እንኳ በቀኑ አላደረሰም።

እናቴ ከእኔ በኋላ የወለደቻትን ልጅ በሁለት ወሯ ስላጣች፣ ለዚህኛው የማታደርገው ጥንቃቄ አልነበረም። ስታጠባው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ነጠላዋን እጥፍ አድርጋ ልጁንም ጡቷንም ትሸፍን ነበር፤ ሲጠባ ያየ ክፉ ዓይን እንዳይወጋው ነዋ። ከመሸፈኗ ብዛት እሷ ራሷ በዳሰሳ ነበር የምታጠባው። ከነጠላው ሥር መታነቅ፣ ማሳልና ማስነጠስ ይሰማል፤ ልጁ ሲወጣ አፍንጫው ነጭ ነገር ያዝረከርካል። በሐምሌ ብርድ ይህ ጉንፋን ካልሆነ ምን ይሆናል? ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጠው ነበር። አፍንጫውን መጥረግ የእኔ ሥራ ነበርና፣ ስንት ጊዜ ጠርጌ ጠርጌ ጨርቁን እንዳጠብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ነሐሴ ሲገባ የደረጀ ጭን ቆዳ እንደ ሰፊ ካልሲ ተጨማደደ። ቀኑን ሙሉ ይጠባል፣ ግን አይጠግብም፣ ለቅሶውም እየሳሳ መጣ። የግቢያችን ጎረቤት እትዬ አስካለ፣ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ መቆረጥ አለበት ብላ ለቅዳሜ ቆራጭ ቀጠረች። እናቴ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። የሞተችው እኅቴም እንጥሏ ተቆርጦ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አዴ ሃሊማ መጡ። ከድሬ ጠያራ በእግራቸው ወተት በቅል ይዘው የሚመጡ ረጅም ሴት ነበሩ፤ እኔን ባዩኝ ቁጥር፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነሽ ቀሚስሽ ሁልጊዜ የተቀደደ ነው እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። ያን ዕለት ግን አላበሸቁኝም። ወተቱን ወደ ድስቴ መገልበጥ ጀምረው ነበር፤ ከነጠላው ሥር የሚመጣውን ድምፅ ሰምተው እጃቸው ቆመ።

«ይሄ ጉንፋን አይደለም» አሉ። «ልጁ እየጠባ አይደለም፣ እየሰመጠ ነው። ነጠላውን ግለጪው።»

እትዬ አስካለ ከበሩ ላይ ሆና፣ የሚጠባ ልጅ ለሰው ይታያል እንዴ ብላ ተቆጣች። እናቴ ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ራሷ ሳበች። አዴ ሃሊማ ግን አልተቀየሙም።

«ዓይኔን ከፈራሽ እጨፍንልሻለሁ፣ በጣቴ አየዋለሁ።»

እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ እውነትም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እየዳሰሱ ወደ እናቴ ሄደው ጣታቸውን በልጁ አፍ ውስጥ አስገቡ። ላንቃው ወደ ኋላ የተከፈተ ነው፣ የሚጠባው በአፍንጫው ነው የሚወጣው አሉ። እንዲህ ሆና የተወለደች የፍየል ግልገል ነበረችኝም አሉ።

እናቴ «ሞተች?» አለች።

«ስምንት ወልዳልኛለች።»

እናቴ ነጠላውን በገዛ እጇ ገለጠችው። ያኔ ሁላችንም አየነው፤ ስጠርገው የከረምኩት ንፍጥ ወተት ነበር።

አዴ ሃሊማ ልጁን ቀጥ አድርገው በጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ መዳፋቸውን ለጀርባው ግድግዳ አደረጉለት፣ ከዚያ ብርጭቆና የሻይ ማንኪያ በፈላ ውኃ ታጥቦ እንዲመጣ አዘዙኝ። «እኔ ላሜን አልባለሁ፣ አንቺ ደግሞ ራስሽን እለቢ» ሲሏት እናቴ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ በፊተኛው ክፍል የአባቴ መኪና ምን ተፈጠረ ብሎ ቆመ። በየማንኪያው ቢስሚላህ እያሉ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ዋጥ እስኪያደርግ እየጠበቁ ሰጡት። ሲያገሳ እኛም እፎይ አልን። ብርጭቆው ሲያልቅ ደረጀ ማንኪያዋን በድዱ ይዞ አለቅም አለ።

ቅዳሜ ቆራጩ መጡ። እናቴ ምሳ አብልታ፣ አመስግና ሸኘቻቸው። እትዬ አስካለ ሳምንት አኩርፋ፣ በሳምንቱ ብርጭቆውን ልጠብልሽ ብላ መጣች።

ከመስከረም ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማበላው እኔ ነበርኩ። ችግሩ ግን አዴ ሃሊማ አስለምደውት ኖሮ፣ ቢስሚላህ ካላልኩት አፉን አይከፍትም ነበር። በኅዳር የንስሐ አባታችን ድንገት ገብተው ይህንኑ ሰሙ። እናቴ አፍራ የምትገባበት ጠፋት፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና የደረጀን ጉንጭ እያዩ «ሲያድግ በስመ አብን እኔ አስተምረዋለሁ፤ አሁን አብሊው» አሉኝ።

ለጥምቀት እናቴ ደረጀን አቅፋ በፈላና በር በኩል ወጣች። ፊቱን አልሸፈነችውም። ያን ሁሉ ክረምት ከዓይን የደበቀችው ልጅ፣ አገር የሚያየው ጉንጭ አውጥቶ፣ በሰው መሀል አንገቱን አቅንቶ ሄደ። አዴ ሃሊማ ቅላቸውን ይዘው ከበሩ ሥር ቆመው ነበርና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ማሻአላህ፣ ይሄን ግንብ አንቺ ነሽ የወለድሽው?» አሏት። እናቴም «ከእርስዎ ጋር ነው» አለቻቸው።

ላንቃውን ትልቅ ሰው ሆኖ ሐኪም ሰፋለት። ድምፁ አሁንም ትንሽ በአፍንጫው በኩል ይላል፤ ወሬ ግን አላስቀነሰውም። ዛሬ አራስ ስጠይቅ የሕፃናት ክብደት የሚመዘገብበት ካርድ አለ፣ ለስላሳ ጡጦ አለ፣ ያኔ እኛ ያልነበረን ሁሉ አለ፤ እኔ ግን አሁንም ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ሲጠባ ካላየሁ አልቀመጥም፣ ወጣቶቹም ምን ዓይነት ባልቴት ናት እያሉ ይታዘቡኛል። ደረጀ ደግሞ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ልጆቹ በየሶፋው ተጋድመው ሲበሉ፣ እሱ ብቻ ማዕድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ልክ ያ መዳፍ አሁንም ከጀርባው እንዳለ።