ስድስት ቀን አንሶላ ላለመንካት

ባለቤቴን ያስማልኳት አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ ባለው አፓርታማችን፣ ሻንጣ እየዘጋን ሳለ ነው።

«ስድስት ቀን ሙሉ አንሶላ አልነካም በይ» አልኳት።

«አልነካም» አለች ከዚፑ ጋር እየታገለች።

«ወላሂ በይ።»

ቀና ብላ አየችኝ። እሷ ወላሂን እንደ እኛ እንደ ሾፌሮቹ በየደቂቃው አትበትናትም፤ ካለች አለች ነው። «ወላሂ አልነካም» አለችና ወዲያው ዞረችብኝ። «አንተስ? ስድስት ቀን የሰው ሻንጣ አልሸከምም በል እስቲ።» እኔም ሳቅሁና ማልኩ። ይሄ ደግሞ ምን ይከብዳል ብዬ።

እሷ ዴንቨር መሃል ከተማ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ እኔ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። ጉዞው የእሷ ነበር። ሆቴሉ ለሠራተኞቹ ዕጣ ሲያወጣ ለእሷ ወጣና፣ ሃዋይ ባሕር ዳር ባለው እህት ሆቴል ከነቤተሰቧ ስድስት ቀን እንድታርፍ ተፈቀደላት። ያን ቀን ቤት ስትገባ «ሃዋይ ላኩኝ» ነው ያለችኝ። ሥራ ያዛወሯት መስሎኝ ስጮህባት አመሸሁ።

ቀኝ እጇ ከዕጣው በፊት ጀምሮ ይደነዝዝ ነበር። ብርጭቆ ከእጇ ይወድቃል። ጠዋት የልጃችንን ፀጉር ስትጎነጉን በመሃል አቁማ ጣቶቿን ታራግፋለች። ሐኪሙ «ነርቭ ነው፤ ካላሳረፍሽው ቀዶ ጥገና ይመጣል» ሲላት እሺ ብላው ወጣችና በማግስቱ አሥራ ስድስት ክፍል ሠራች። ሰው ቤት ለጥየቃ ሄደን እንኳ የተጨማደደ አልጋ ልብስ ካየች ጠርዙን ሳትስብ አታልፍም። እኔ ሃዋይን የፈለግኳት ለባሕሯ አልነበረም። ያቺ እጅ ስድስት ቀን ሥራ ፈትታ እንድትቀመጥ ነው።

ኮልፋክስ ላይ ሻይ የምንጠጣበት ቤት ወሬው ሲደርስ ሁሉም የጠየቁን አንድ ነገር ነው። «ሃዋይ ማን አላችሁ?» ማንም የለንም። «ታዲያ ማን ይቀበላችኋል?» ሆቴል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሞተባችሁ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። ለቅሶም ሠርግም በሌለበት፣ ዘመድ ወደሌለበት አገር ከስድስት ሰዓት በላይ በርሮ መሄድ ለእኛ ሰፈር ትርጉም አልነበረውም። ባለቤቴም ለሁለት ቀን ስታስብበት ቆየችና አንዷን ሻንጣ በዳቦ ቆሎና በጭኮ ሞላቻት። «ባዶ እጅ አይገባም» አለች። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት ሌላ ጭኮ ጨመረችበት።

ከዴንቨር የወጣነው በረዶ እየጣለ ነው፤ ሃዋይ ስንወርድ ልጃችን ጃኬቷን፣ እናቷ ካፖርቷን እላዬ ላይ ጫኑና እንደ ልብስ መስቀያ ተገትሬ ቀረሁ። ሆቴሉ በር ላይ አንዲት ወጣት የአበባ ጉንጉን አንገታችን ላይ አጠለቀችና «አሎሃ!» አለችን።

«አሎ» አለቻት ባለቤቴ፣ ስልክ እንደምታነሳ።

ወጣቷ ፍልቅልቅ ብላ ሳቀችና «ማሃሎ» አለች።

ባለቤቴ ክንዴን ጭብጥ አደረገችው። «ሰማሃት? መሐላ አለች እኮ! ማን ነገራት?»

«ማም! ታንክ ዩ ማለት ነው! ሃዋያን ነው!» አለች ልጃችን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በእኛ ማፈር የጀመረችው በዚያው ዓመት ነው።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ከኋላችን የሆቴሉ ሻትል ደርሶ ሾፌሩ የጓዙን በር ሲከፍት ከላይ ያለው ሻንጣ ሸርተት ሲል አየሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አላውቅም። ራሴን ሳገኘው አምስት ሻንጣ አውርጄ፣ ከባዱን ከፊት አድርጌ፣ እጀታቸውን ወደ ባለቤቶቻቸው አዙሬ ደርድሬያለሁ። አንዲት ሽበታም ሴትዮ የታጠፈች ብር መዳፌ ላይ አስቀመጡና «ማሃሎ» አሉኝ። የአበባ ጉንጉን እንዳጠለቅሁ ቲፕ ተቀበልኩ።

ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አሥር ደቂቃ! መሐላህ አሥር ደቂቃ አልቆየም!»

ከዚያ ወዲያ መውጫ መግቢያ አጣን። ቁርስ የሚያቀርበው ማሃሎ፣ ፎጣ የምታድለው ማሃሎ፣ ቆሻሻ መጣያው ላይ ሳይቀር ማሃሎ ተጽፏል። ባለቤቴ በሰማችው ቁጥር እጆቿን ብብቷ ሥር ትወሽቃለች። እኔም መኪና ሲቆም ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

በዚያው በደረስንበት ቀን ክፍላችን ስንገባ የመጀመሪያ ሥራዋ ፍተሻ ሆነ። ጣቷን የመብራቱ ቆብ ላይ አሳለፈች፤ ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር አየች። «ጎበዝ ናት» አለች።

«ማን?»

«ይህን ክፍል የያዘችው።» ከዚያ የአንሶላውን ማዕዘን ትኩር ብላ ተመለከተችው። «ግን ቀኝ እጇን ያማታል።»

«ከአንሶላ ላይ አነበብሽው?»

«ሁሉንም በግራዋ ነው የወሸቀችው። እኔም እንደሱ ሳደርግ ነው የከረምኩት።»

እሺ ጠንቋይ ብዬ አሾፍኩባትና ወደ ባሕሩ ይዣቸው ወረድኩ። ኦሮራ ዋና የተማረችው ልጃችን እንደ ዓሣ ጠልቃ ትወጣለች። እኔ ውቅያኖሱን እስከ ጉልበቴ ድረስ አወቅሁት፤ ከዚያ በላይ ለመተዋወቅ አልቸኮልኩም። ባለቤቴ በረጅም ቀሚሷና በሻርፗ ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ ልጃችን እጇን ሞቃት አሸዋ ውስጥ ቀበረችላትና «ዶንት ሙቭ» ብላ አዘዘቻት። አልተንቀሳቀሰችም። አየኋትና ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ እጇን አስቀምጣ ያየኋት ከአራስነቷ ወዲህ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ የጁስ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ።

«አሸዋው አልረዳሽም?» አልኳት። «ረድቶኛል፣ አምልጦኝ ነው» አለችና ወሬ ቀየረች። ቁርስ በተባለ ቁጥር «እናንተ ቅደሙ፣ ሻርፔን ላስተካክል» እያለች ወደኋላ መቅረቷን ያን ጊዜም ልብ አላልኩትም። ሻርፕ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል ብሎ የሚያምን ባል እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴን ትተን ለቁርስ ስንወርድ ልጃችን የዋና መነጽሯን ረሳችና ልወስድላት ተመለስኩ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት የፊሊፒንስ ሴት የጽዳት ጋሪዋን ይዛ ከበራችን ፊት ቆማለች። ዕድሜዋ ከባለቤቴ አይበልጥም።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ «በሥራዬ ያልተደሰታችሁበት ነገር አለ? ሁለት ቀን ስመጣ አልጋው ተነጥፎ ነው የማገኘው። ቅር ያሰኘኋችሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።»

በሩን ከፈትኩት። ባለቤቴ አልጋው አጠገብ ቆማለች። አንዱ ማዕዘን ተወሽቋል፣ ሦስቱ ቀርተዋል። ሁለቱም እጆቿ እስከ አንጓቸው በነጭ ፎጣ ተጠቅልለዋል።

«ወላሂ ብለሽ!» ጮኽኩ። ቀልዴ ሁሉ ጠፋ። ያቺ የወደቀች ብርጭቆ ፊቴ ላይ መጣች።

«አልነካሁትም» አለች። «በፎጣ ነው የያዝኩት።»

«አላህን በፎጣ ልትሸውጂው ነው?»

በአገጯ ወደ ኮሪደሩ ጠቁማ «ያማታል ብዬህ ነበር እኮ» አለች። «እያወቅሁ አልጋዬን እንዴት ጥዬላት ልውረድ? ስንት ክፍል እንደቀራት አንተ ታውቃለህ?»

ያቺን እጅ ለማሳረፍ ውቅያኖስ አቋርጬ መጥቻለሁ፤ እሷ ደግሞ እዚህም የምታሳርፈው ሌላ እጅ አግኝታለች።

ሴትየዋ አማርኛችንን አልሰማችውም፤ ፎጣዎቹን ነው የምታየው። ባለቤቴ ቀስ ብላ ፈታቻቸውና ደረቷን ነካ አድርጋ «ሃውስኪፒንግ፣ ዴንቨር» አለቻት፤ ቀኝ እጇንም ዘረጋችላት። ሴትየዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። የእሷም ቀኝ አንጓ በድጋፍ ማሰሪያ ታስሯል።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አልሳቁም።

ሴትየዋ ወንበር ሳበችና «ሲት» አለች። ባለቤቴ አልቀመጥም ብላ አንሶላውን ልትይዝ ስትል እጇን በእርጋታ መለሰችባት። «ይሄ የእኔ ክፍል ነው» አለቻት። «አንቺ እንግዳ ነሽ።»

ባለቤቴ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። በስንት ሺህ ሰው አልጋ ዙሪያ የዞረች ሴት የራሷ በሌላ ሰው እጅ ሲነጠፍላት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ታለቅሳለች፣ እኔም አወቅሁባት። ከባዱን ፍራሽ ጥግ ጥጉን ብድግ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስለ ሻንጣ እንጂ ስለ ፍራሽ አልማልኩም። ሲያልቅ ባለቤቴ ያቺን ሻንጣ ከፍታ ዳቦ ቆሎውንም ጭኮውንም ጋሪው ላይ ጫነችው። ሃዋይ ማን አላችሁ ላሉን ሁሉ መልስ አገኘን።

የቀሩትን ሁለት ቀናት ጠዋት ጠዋት ፍራሽ ሳነሳ፣ እሷ ተቀምጣ ሁለታችንን ስታዝ፣ ልጃችን በእኛ ስታፍር አለፉ።

ኦሮራ ስንመለስ ግን መሐላው አልለቀቀንም። በሃይማኖታችን መሐላ ያፈረሰ አሥር ምስኪን ያበላል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ጋ ደወልኩና ለሃያ ሰው ምሳ እንድታዘጋጅልን ነገርኳት።

«ሃያ? ምን ሆናችሁ?» አለች ደንግጣ።

«መሐላ አፍርሰን ነው። ሃዋይ ሄደን።»

«አላህ ይቅር ይበላችሁ! ሃዋይ ምን አደረጋችሁ?»

«እሷ አልጋ አነጠፈች። እኔ ሻንጣ ተሸከምኩ።»

«ለዚህ ነው እዚያ ድረስ የሄዳችሁት?» አለች።

በማግስቱ ሁለታችንም ሥራ አልገባንም። ከእንቅልፏ ስትነሳ ወንበር አመጣሁና አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩላት። ተቀመጠች፣ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። ከሃዋይ የተማርኩትን ያህል ጣርኩ፤ ወሸቅሁ፣ ሳብኩ፣ በመዳፌ ደለደልኩ። አንዱ ማዕዘን ግን ጠሞ ቀረ። አየችው። ጣቶቿ ጭኗ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ።

«ማሃሎ» አለችኝና ተነስታ ወጣች። ማዕዘኑ እንደጠመመ ዋለ፤ ማታም ተኛችበት።