ከቡናው ሥር የነበረው ወተት

ካቻምና መጋቢት፣ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው የሆነው። ዛሬም አንድ ሰው ኩባያ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሳይ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት የሚሰጠውን የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለመፈጸም ፍኖተ ሰላም ተመድቤ አስተምር ነበር። የምኖረው በወይዘሮ ጥሩነሽ ግቢ፣ ከውጭው በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። እኔ ጾም የተውኩት አዲስ አበባ ሳለሁ ቢሆንም ለወይዘሮ ጥሩነሽ መናገር አፈርኩ። እሳቸው ደግሞ «የኔዋ አስተማሪ ተማርኩ ብላ ጾሟን አልጣለችም» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወሩልኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ሳይጎን ኖረው የመጡ አንዲት የፈረንሳይኛ አስተማሪ የቬትናም ቡና አቅምሰውን ነበር። ከታች ስኳር ያለው የቆርቆሮ ወተት፣ ከላዩ በዝግታ የተንጠባጠበ ወፍራም ቡና፣ ከዚያ በረዶ። አምሮት ሆነብኝ። ወተቱን ቡሬ ሄጄ ገዛሁ። ለማጥለያ የባዶ ጣሳ ሥር በሚስማር በሳሳሁ። የቸገረኝ በረዶ ብቻ ነበር።

በዚያ ረቡዕ ሰማዩ ሲጠቁር አየሁና በሬን ዘግቼ ወተቱ ላይ ቡናዬን አጠለልኩ። በረዶው እንደ ወረደ ከደጃፌ በሳህን አፍሼ ኩባያው ውስጥ ጨመርኩ። ኩባያው የብረት ስለሆነ ከላይ የሚታየው ጥቁር ቡና ብቻ ነው። ገና ሳላማስለው በሩ ተንኳኳ።

የወተቱን ቆርቆሮ አልጋ ሥር ወርውሬ ከፈትኩ። ወይዘሮ ጥሩነሽና የንስሐ አባታቸው ቄስ ይትባረክ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በረዶው መንገድ ላይ አግኝቷቸዋል።

«አባታችን ቅዳሴ ውለው እህል ውኃ አልቀመሱም» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «ይኸው ቡናም አለ!» ብለው አንስተው ሰጧቸው።

ቄሱ ባርከው ወደ ኩባያው አዩ። «ምነው ልጄ፣ ቡናሽንም በረዶ መታው?»

«የተማሩ ሰዎች እንዲህ ነው የሚጠጡት አባቴ፤ ሲማሩ እሳት ይጠላሉ» ብለው ወይዘሮ ጥሩነሽ ሳቁ።

ቄሱ አንድ ጊዜ ተጎነጩ። «ይመራል። ለጾም የሚስማማ ነው። ነገም ቀዳሽ ስለሆንኩ ያነቃኛል» አሉና ደገሙ።

ወተቱ ከባድ ነው፤ ካልነኩት ከሥር ይቀራል። ግን ምን ያህሉ ከቡናው ጋር እንደ ተቀላቀለ አላውቅም። ብናገር ወይዘሮ ጥሩነሽን በንስሐ አባታቸው ፊት አዋርዳለሁ። ዝም ብል ቄሱን አስገድፋለሁ።

«ስኳሩ ከታች ተኝቶ ይሆናል፤ ይቆዩ ላማስልልዎ» ብለው ወይዘሮ ጥሩነሽ ማንኪያዬን አነሱ።

«ዝንብ! ዝንብ ገብቶበታል!» ብዬ ኩባያውን ከቄሱ እጅ ነጠቅኩና ደጅ ደፋሁት።

«በዚህ በረዶ ዝንብ? ከቄስ እጅስ ይነጠቃል?» ወይዘሮ ጥሩነሽ በድንጋጤ አማተቡ። በረዶው ሲያባራ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደጃፉ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይማሯት አባቴ፤ ጾሙ አድክሟት ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

አሁን ሳስበው ከወተቱ ይልቅ ለዚያ ውሸቴ ጾሙን ምክንያት አድርገው ይቅርታ እንዲለምኑልኝ መተዌ ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ቆምኩ። ቄስ ይትባረክ ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ጉልበታቸውን ስሜ ቡናው ወተት እንደ ነበረበት ነገርኳቸው።

«ስንት ጊዜ ተጎነጨሁ?» አሉኝ።

«ሁለት ጊዜ፣ አባቴ።»

ከዚያ አንዱን ዲያቆን ጠርተው፣ «ዛሬ በኔ ፈንታ ሌላ ቄስ ገብቶ ይቀድስ» ብለው ላኩት። ጾም እንደ ገደፈ ሰው ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው ዋርካ ሄደው ቆሙ። እኔም ተከትዬ ከጎናቸው ቆምኩ። አልተቆጡኝም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ በሩን ተሳልመው ሲዞሩ ሁለታችንን አዩና መጡ። «ምነው አባታችን ከውጭ ቆሙ? አመምዎ እንዴ?»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። መልሱን ለኔ ነበር የተዉልኝ።

«በኔ ነው እማማ» አልኳቸው። «እኔ አልጾምም።»