ሽታው የወጣለት ቁምሳጥን

ባለቤቴ እንጨት ሠሪ ነው። የሥራ ቤቱ ከሚሴ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ነው፤ መኖሪያችንም ከጀርባው። ለሙሽራ የሚሆን አልጋና ቁምሳጥን ሲፈለግ ከጨፋ ሮቢትም ከባቲም የሚመጣው ወደሱ ነው። ሰው የሚወድለት ማብረቅረቁን ነው። ቫርኒሹን ከማድረቂያው ጋር ቀላቅሎ በኮምፕረሰር ሲረጨው ድንጋይ ሆኖ ይደርቃል፤ ትኩስ ብርጭቆ ቢቀመጥበት ምልክት አይዝም። ሲረጭ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ሠራተኞቹ እንባቸው ዱብ ዱብ ሲል "ዛሬ ጥሩ ይዟል" እያሉ ይሳሳቁ ነበር። የመኪና አቧራ እንዳያርፍበት ደግሞ ማድረቂያ ክፍሉን በላስቲክ ደፍነው ነው የሚዘጉት።

የመጀመሪያ ልጄ ነፍሰ ጡር በነበረችበት ዓመት፣ ከኛ ዕቃ የሚወስደው የአዲስ አበባ ነጋዴ ባለቤቴን አስጠራው። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

"ምን አሉህ?" አልኩት።

"ደንቡ ሊጠብቅብን ነው አሉ። ከቫርኒሹ የሚወጣው ጋዝ እየተለካ ነው ከእንግዲህ የሚረከቡን። ሳትዘጋጁ ብትቀሩ ዕቃችሁን አንወስድም አሉ።"

"ሽታ ይለካል እንዴ? በኪሎ ነው በሜትር?"

ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱም ሳቀ። ነጋዴው ሥራ ቤቱን የሚያይ ባለሙያ እልካለሁ ማለቱን እየሳቅን ነው የሰማነው። እኔ በበኩሌ ወዲያው ረሳሁት፤ ሐሳቤ ሁሉ ልጄ ዘንድ ነበር።

በኛ አገር ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው እናቷ ቤት መጥታ ነው። ባለቤቴ የልጅ ልጅ ሊያይ ነው፤ ደስታው ልክ አጣ። ከሥራ ሲወጣ ለራሱ ልጅ ይሠራ ጀመር። ሰፊ አልጋ፣ ከሱ ጋር ሦስት በር ያለው ቁምሳጥን። ጀርባውንና መደርደሪያውን በሙጫ ተጣብቆ በሚጨመቅ የእንጨት ብናኝ፣ በችፑድ ሠራው፤ ቫርኒሹን ደግሞ ከማንም ሙሽራ ዕቃ አስበልጦ ደጋግሞ ረጨው። "ለኔ ልጅ ነው" ይላል። ጨርሶ ማድረቂያ ክፍል አቆየው። ከዚያ እኔን ጠርቶ "አሽቺው እስቲ" አለኝ። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩት። ምንም የለውም። "ወጥቶለታል" አልኩ። ልጄ የምትታረስበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አልጋውና ቁምሳጥኑ ሲገቡ ለሰው መቆሚያ የቀረው ከበሩ ሥር ብቻ ነበር።

አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ወለደች። ወንድ። የአራሱን ክፍል የተረከቡት አክስቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ሁሉንም ልጆቼን ሲያርሱ የኖሩት እሳቸው ናቸው። መስኮቱን ዘጉ፤ በስንጥቁ ጨርቅ ወተፉ። በበሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀሉ። ማንደጃ ከሰል አስገቡ። አርባዋ ሳይሞላ ብርድ አይንካት፣ ከውጭ የመጣ ሰው ዓይን አይንካው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የታረስነው። እኔም ራሴ መጋረጃውን ከፍቶ የሚያቆም ሰው ሳይ እቆጣ ነበር።

ልጁ መጀመሪያ ደህና ነበር። ጡት ይዞ ሲስብ ድምፁ ከደጅ ይሰማል። እየቆየ ዓይኑ ያነባ ጀመር። ቀጥሎ ድምፁ ሻከረ፤ ሲያለቅስ የሽማግሌ ጉሮሮ ይመስላል። ጡቱን ይይዝና አየር ሲያጥረው ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ልጄም "ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔ አሸዋ የገባበት መሰለኝ" ትላለች።

"አራስ ነሽ፤ አራስ ምን ያልታመመው አለ?" አሏት አክስቴ። ለሕፃኑ ግን ሌላ ነገር አሉ። አፉን በጣታቸው ከፍተው አዩና "እንጥሉ ወርዷል" አሉ። "ካልተቆረጠ ይዘጋዋል።"

እንጥል ሲቆረጥ አይቻለሁ። ጎረቤቴ ልጇን ስታስቆርጥ አቅፌ የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ደሙ እንቢ አለ። ጨርቅ አመጣን፣ ሌላ ጨርቅ አመጣን፤ ልጁ እቅፌ ላይ እየቀለለኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮ ሲባል ያ ደም ነው የሚታየኝ።

"አክስቴ፣ ጤና ጣቢያ ብንወስደውስ?" አልኳቸው።

"አርባውን ሳይጨርስ? በብርድ? አንቺ ልጅ፣ ፍርሃትሽ ነው ልጁን የሚገድልብሽ። አሳድጌሽ የለ? በማን እጅ አደግሽ?" አሉ። ቆራጯ ሴት በማግሥቱ ጠዋት እንድትመጣ ላኩባት። ልጁ እንዲህ አየር እያጠረው ካደረ መዘጋቱ ነው፤ ከተቆረጠ ደግሞ ያ ደም አለ። ሁለቱም ሞት መስሎ ታየኝ። ያ ረቢ እያልኩ ወጥ ቤትና አራስ ክፍል መሐል እመላለሳለሁ።

በዚያው ቀን ነው ያ የተረሳው ባለሙያ የመጣው። ወንድ ነበር የጠበቅነው፤ የመጣችው ግን የኔን ልጅ የምታክል ሴት ናት። በትከሻዋ ቦርሳ፣ በእጇ ትንሽ የጋዝ መለኪያ፤ ሬዲዮ የምታክል። ሥራ ቤቱ ውስጥ ስትዞር አረፈደች። ማድረቂያ ክፍል ስትገባ መለኪያው ጮኸ፤ ሠራተኞቹ ሳቁ። "ልጅቱ ሬዲዮ ይዛ መጣች፣ ጣቢያው ግን አልያዘላትም" አለ አንዱ። እሷም ሳቀች፤ ቢሆንም ላስቲኩን እንዲያነሱ፣ ጋዙ የሚወጣበት ማራገቢያ እንዲያስገቡ፣ ማድረቂያ የማይቀላቀልበት በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ መሞከር እንዳለባቸው ለባለቤቴ ነገረችው። "ያ አያብረቀርቅም፤ ሙሽራ አይወስደውም" እያለ ተከራከራት።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ እንግዳ ናትና ወደ ቤት አስገባኋት። አራስ መኖሩን ስትሰማ "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ልበላት" አለች። አክስቴ ከፊቷ ቆሙ። "ከመንገድ ነው የመጣችው" አሉኝ፣ ጆሮዬ ላይ በኦሮምኛ። ባለሙያዋ ቋንቋውን ሰምታ ኖሮ "አካም ጅርቱ?" ብላ በሁለት እጇ ሰላም አለቻቸው። አክስቴ አፈሩ፤ ለቀቁላት። ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

መለኪያውን ማጥፋት ረስታ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ ጮኸ።

ሥራ ቤቱ ውስጥ የጮኸው እያቋረጠ ነበር። ይሄ አላቋረጠም። ልጅቱ መለኪያውን አወጣች፤ አየችው፤ ደግማ አየችው። የቁምሳጥኑን በር ከፍታ ወደ ውስጥ አስጠጋችው። ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ዞር ብላ ሕፃኑን አየች።

"እናቴ፣ ይሄ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው ዓይኑ የሚያነባው?"

"ምነው? ምን አገኘሽ?"

"መስኮቱን ክፈቱት። አሁን። እሱንም እሷንም ከዚህ አውጧቸው። ከሰሉንም አውጡት፤ ከሰሉ ለብቻውም በተዘጋ ቤት አይሆንም።"

"አይወጡም!" አሉ አክስቴ። "አራስ ናት እኮ! ብርድ ይመታታል!"

ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። "ይሄ ሽታ የለውም! አሽቺው! ወጥቶለት ነው ያስገባሁት!"

"ሽታው ከጠፋም በኋላ ጋዙ ይወጣል፣ አባቴ" አለችው። "ወራት ሙሉ ይወጣል። ከቫርኒሹም ከችፑዱም። ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይብሳል፤ መስኮት ሲዘጋበት የሚሄድበት የለውም። የማይሸትዎ አፍንጫዎ ስለለመደው ነው።"

"ምንድን ነው እሱ የሚወጣው?" አልኳት።

"ፎርማልዲሃይድ ይባላል።" እንዳልገባኝ አየችና አሰበች። "ፎርማሊን ሲባል አልሰሙም? በውሃ ሲበጠበጥ እሱ ነው።"

"ሬሳ እንዳይሸት የሚደረግበት?" አለ ባለቤቴ።

"እሱ።"

ያ መሣሪያ ብቻ ይጮሃል። እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አላሰብኩበትም። አክስቴን በክንዴ ገፋሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያልተናገርኳቸውን ሴት ገፋሁ። የተወተፈውን ጨርቅ በጥፍሬ ነቀልኩ። መስኮቱ አልከፈት ሲለኝ በእጄ ደጋግሜ መታሁት። ሲበረገድ የአስፋልቱ አቧራና የመኪና ጥሩምባ አብሮ ገባ። ሕፃኑን አንስቼ አቅፌ ወደ ደጅ ወጣሁ። ልጄ በነጠላ ተሸፍና ከኋላዬ እየተደናቀፈች መጣች።

"ገደልሽው!" ይላሉ አክስቴ። "ወላሂ ገደልሽው!"

ባለሙያዋ ባጃጅ አስቆመችልን። ጤና ጣቢያ የነበረችው ነርስ ደረቱን አዳመጠች፣ ጉሮሮውን በመብራት አየች። ሳንባው ደህና ነው፤ ዓይኑና ጉሮሮው ግን ተቆጥቷል አለች። አተነፋፈሱ ከባሰ ቶሎ አምጡት፣ እንጥሉን ማንም እንዳይነካው ብላ አስጠነቀቀችን። ስንመለስ ባለቤቴ አልጋውንና ቁምሳጥኑን ከሠራተኞቹ ጋር አውጥቶ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮው ጥላ ሥር አቁሞታል። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። እህል የምናስቀምጥበትን ክፍል አጽድተን፣ ሁለት መስኮት ስላለው፣ ልጄን በፍራሽ እዚያ አስተኛኋት። አክስቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ልጁ እንደ ተአምር አልዳነም። ድምፁ እንደሻከረ ነው። ጠዋት ላይ ግን ጡቱን ይዞ ሳይለቅ ሲስብ አየሁት። ጉሮሮው ውስጥ ወተት ሲወርድ ድምፁን ቆሜ አዳመጥኩ።

ቆራጯ ሴት ያኔ ነው የደረሰችው። በወገቧ የታሰረ ጨርቅ፣ በጨርቁ ውስጥ መሣሪያዋ። ሰላምታ ሰጠችን፤ ደጅ ላይ ቁጭ አለች።

"ልጁስ?"

"አይቆረጥም" አልኳት። "ጤና ጣቢያ አይሆንም ብለዋል።"

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ትከሻዋን ብቻ ነቀነቀች። "እንደፈቀዳችሁ። እኔ ሥራ አልጠፋብኝም፤ የዘንድሮ ልጅ ጉሮሮው ምን እንደነካው እንጃ። አሁንም ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ያለች አራስ ዘንድ ነው የምሄደው፤ የሷም ልጅ ጡት አልይዝ ብሏል። ዓይኑም ያነባል።"

"የቷ?" አልኳት።

ነገረችኝ። "ታውቂያቸዋለሽ እኮ። አባወራው ለአራሷ ብሎ ከናንተው ነው አልጋ የገዛላት። ከነቁምሳጥኑ።"

ባለቤቴ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቀና አለ። ሰምቷል። እኔ ያንን ልጅ የጎዳው የኛ ዕቃ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። ያኔ ግን ስንት ሙሽራ፣ ስንት የተዘጋ ክፍል፣ ስንት የተወተፈ መስኮት እንዳለ በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

"የት ልትሄጂ ነው?" አለኝ ባለቤቴ ነጠላዬን ሳነሳ።

"ከሷ ጋር።"

"ሄደሽ ምን ልትያቸው ነው? ዕቃችን መርዝ ነው ልትያቸው ነው? ከዚህ በኋላ ማን በራችንን ይረግጣል?"

"ካስቆረጡት በኋላ ልንገራቸው?"

ቆራጯ ሴት አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች "ምን ሆናችኋል እናንተ ሰዎች?" አለች። መንገድ ላይ ልነግራት ሞከርኩ፤ ስለ መለኪያው፣ ስለ ጋዙ። "ሽታ ልጅ ይገድላል?" ብላ ሳቀችብኝ። በሳቋ ውስጥ እኛው ስለ ሽታ ስንስቅ የነበረውን ሳቅ ሰማሁት፤ ፈጠን ብዬ ቀደምኳት።

ቤቱ ጋ ስደርስ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። በሩን የከፈተችልኝ የአራሷ አማት ናት።

"ነገር አለ? ፊትሽ ምን ሆነ? እንጥል ቆራጯ ናት የጠበቅናት።"

ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ። የጋዙ ስምም ጠፋብኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ያንን የሻከረ ለቅሶ ሰማሁት፤ የኔው የልጅ ልጅ እስኪመስለኝ ድረስ ያው ድምፅ ነው።

"አልጋው የኛ ነው" አልኳት። "የባለቤቴ ሥራ ነው። ልጁን ይዛችሁልኝ ውጡ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን ስደቡኝ።"

አልገባትም፤ አፏን ከፍታ አየችኝ። በሴትዮዋ ጎን አልፌ መጋረጃውን ገለጥኩና በጨለማው ውስጥ መስኮቱን በእጄ መፈለግ ጀመርኩ።