በድንች መብራት የተሰፋ ጭን

ብራይኔ በፖዶልያ አውራጃ ባለችው ከተማችን የዝይ ላባ እየሞላች ብርድ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት። ከመጽሐፍ የምታውቀው አንዲት ቃል ነው፤ በጨለማ ብቀመጥ እግዚአብሔር ብርሃኔ ነው የምትለዋን የነቢዩን የሚክያስን። እሷኑ ለራስ ምታትም ለኪራይ ጭቅጭቅም ታውላታለች።

በዚያ ክረምት ሰካራሞች መጥረቢያ ይዘው የአይሁድን ቤት ሲሰብሩ፣ የምኩራቡ አለቃ ሬብ ሻክኔ ከሕጉ ሁሉ ለመደበቅ የሚበጀውን መርጦ መጣ።

"የበዓላችንን የሐኑካን መብራት ከመስኮት አንሱ። በአደጋ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይበቃል።"

"ጠረጴዛዬን ሸጬዋለሁ፣ ሬብ ሻክኔ" አለችው። ድንች ፈልፍላ ዘይት ሞልታ የበዓሉን የአራተኛ ሌሊት አራት ቅዱሳን መብራቶች መስኮቷ ላይ ደረደረች፤ አምስተኛውን፣ በብርሃኑ ሥራ ሊሠሩበት የሚፈቀደውን፣ አገልጋይ የሚባለውን፣ ለብቻው።

በዚያው ሌሊት ሰካራሞቹ የጀመሩት ከሻክኔ ቤት ነው፤ ጨለማው አላዳነውም። እሱም ሮጦ የብራይኔ ምድር ቤት ገባ። በመብራቶቹ ከሩቅ የታየችው በር የእሷ ነበረቻ።

ቀጥሎ ከሰካራሞቹ ሁለቱ የእሷ ደጃፍ ደረሱ። ሥጋ ሻጩ ወንድሟ ጌትስል የአንዱን ፊት በአጥንት መፍለጫው ከፈለው። ሌላው መጥረቢያውን የጌትስል ጭን ላይ ቀበረና ጓደኛውን እየጎተተ ሄደ። የላምባው ፋኖስ ተሰበረ፣ አገልጋዩ መብራት ተረገጠ። አራቱ ቀሩ። ተአምር አልለውም፤ ጠቡ በሩ ላይ ስለነበረ ነው።

ብራይኔ መርፌዋን አነሣች።

"በእነሱ ብርሃን መሥራት ክልክል ነው፤ አጥፊያቸው" አለ ድምፅ ከምድር ቤት። ነፍስ ለማዳን እንደሚፈቀድ ሻክኔ አሳምሮ ያውቃል። ያሰበው ግን የራሱን ነፍስ ነው፤ ብርሃኑ ሌሎች ሰካራሞችን እንዳይጠራበት።

"አገልጋዩን ረግጠውታል። እርስዎ ይውጡና አገልጋይ ይሁኑ።"

"ተይው እቴ" አለ ጌትስል ቀበቶ እንደነከሰ፤ "እሱ የሚበራው ከመሬት በታች ነው።"

በየስፌቱ ያቺኑ ቃሏን ታነበንባለች። ደሙ እጇን ያንሸራትታታል። አንዱ ድንች ጠፋ፣ ሌላው ተከተለ። ሦስተኛው ሲጠፋ ቃሏን ከመሃል አቋረጠች። ቁስሉ ገና ግማሹ ክፍት ነበር።

"ሬብ ሻክኔ፣ የምኩራቡን ሰም ሻማ ካፖርትዎ ውስጥ ይዘው ሲገቡ አይቻለሁ። ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው።"

ከዚያ ደረጃው ተንቋቋ። ሻክኔ ወጣና ሻማውን ከመጨረሻው ድንች ለኩሶ ቁስሉ ላይ ያዘ፤ የቀለጠው ሰም ጣቱ ላይ እየፈሰሰ። ብራይኔ «በጨለማ ብቀመጥ» ከሚለው ጀምራ ቃሏን ጨረሰች።

ጌትስል ዛሬም ሥጋ ይቆርጣል፣ ሰካራም ይደበድባል፤ ጭኑንም ለጠየቀው ሁሉ ያሳያል። ከላይ ስፌቱ እንደ ብርድ ልብስ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው። ከመሃል ወዲህ ይዘበራረቃል፤ የምኩራቡ አለቃ ሻማ ይዞ የተንቀጠቀጠው እዚያ ላይ ነው።