ሁለተኛ ልመና የሌለበት ምሳ

ገለታ ጂሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሎደር ነድቷል። የኑኑ ቁምባ ወረዳ ሰው ሲያወራ፣ ገለታ በሎደሩ ጥርስ እንቁላል ከመሬት አንስቶ ሳይሰብር ይመልሳል ይላል። እንቁላሉን በዓይኑ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ወሬው ግን ይኸው ሳይሰበር አለ። ራሱን የጠየቁት እንደሆነ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እንዲያው እንሞክራለን» ከማለት አልፎ አያውቅም። ጊዳ አያና ላይ ይሠራበት የነበረው መንገድ በጸጥታው ምክንያት ከቆመ ወዲህ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ ወንድ ምን እንደሚመስል ሚስቱን ሎሚን መጠየቅ ነው። ሳይጠይቋትም ትናገራለች።

በዚያ ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ በባዶ ሆዱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ነቀምቴ የደረሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት የሎደር ኦፕሬተር ይፈልጋል ተብሏል፤ አንድ ብቻ። ቀጣሪው ቻይናዊው የሳይት ኃላፊ ሚስተር ጎንግ ከተማ ውስጥ ቢሮ የለውም። የሚገኘው በጊምቢ መውጫ፣ ኑድል የሚሉት የቻይና ፓስታ በሚሸጥባት ቤት ውስጥ ነው። ሰባት ሰዓት ሲል መኪናው ወደ ካምፕ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ያልተቀጠረ አልተቀጠረም።

ቤቲቱ ድሮ ጎማ መጠገኛ ነበረች። አሁን ባለቤቷ ቻይናዊት ሊጡን እንደ ገመድ እየሳበች ጠረጴዛው ላይ ትገርፈዋለች፤ በገረፈችው ቁጥር የገለታ ትከሻ ብድግ ይላል። የመረቁ ሽታ አፍንጫው ሲደርስ ሆዱ የጮኸው ጩኸት ውጪ ካለው ባጃጅ አያንስም።

ሚስተር ጎንግ አጠገብ አስተርጓሚዋ ሊሊሴ ተቀምጣለች፤ የነቀምቴው የበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ልጅ ናት፣ ቻይንኛውን አዲስ አበባ ተምራ መጥታለች። ፊት ለፊታቸው ደግሞ ዮሚፍ የሚባል የነቀምቴ ጎረምሳ አለ። የስድስት ወር ሥልጠናውን የምስክር ወረቀት በላስቲክ አስለብሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል፤ ኑድሉን በሁለት ቀጫጭን እንጨት ሲያወጣው ቻይና የተወለደ ይመስላል። እሱም ለዚያው አንድ የሥራ ቦታ ነው የመጣው።

ጎንግ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ገለታ ገፋ አደረገና በሚያውቃት አንዲት የኦሮምኛ ቃል እንዲበላ ጋበዘው። «ኛዳ።»

«አይ፣ ጋላቶማ፣ አመሰግናለሁ፤ በልቼ ነው የመጣሁት» አለ ገለታ።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ከሰላምታ አያልፍም። ጋባዡ ደግሞ ይለምናል፣ «በሞቴ» ይላል፣ ተጋባዡ እያጉረመረመ እጁን ይታጠባል። ገለታም ይህንኑ ሊጠብቅ ወደ ኋላው ደገፍ አለ። ሊሊሴ ተረጎመች። ጎንግ ራሱን ነቀነቀ፤ ሳህኑንም ለዮሚፍ ሰጠው።

ገለታ ሳህኑ ሲሄድ በዓይኑ ሸኘው።

ቀጥሎ ሎደር ትችላለህ ወይ ተባለ። «ትንሽ ትንሽ እንሞክራለን» አለ እንደ ልማዱ። ጎንግ ማስታወሻው ላይ አንዲት አጭር ነገር ጫረ። ያው ጥያቄ ለዮሚፍ ሲደርስ ልጁ አፉን እየጠረገ ከእሱ የተሻለ እንደሌለ አስረዳ፤ ለእሱ የተጻፈው መስመር ሞልቶ ወደ ታች ወረደ። ገለታ ቻይንኛ ባያውቅም ርዝመት ያውቃል። በመጨረሻ ካምፕ ማደር ይሆንልህ እንደሆነ ተጠየቀ።

«ኧረ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ፤ ወጣቱ ይቅደም።»

አፉ ላይ እንጂ ልቡ ላይ አልነበረም። አንድ ሰው «እንዴት ይሆናል፣ አንተ ታላቅ እያለህ» ይለኛል ብሎ ጠበቀ። ማንም አላለውም። ጎንግ ማስታወሻውን ዘጋ፤ ባለቤቷን ሒሳብ እንድታመጣ በእጁ ጠራት። ሾፌሩ ውጪ ሞተር አስነሳ።

ሊሊሴ ወደ ገለታ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ነገረችው። ሰውየው ወለጋ እንደመጣ እንደኛው ብሉልኝ እያለ የሚለምን ነበር፤ በአገሩም እንግዳ ይለመናል። ታዲያ በዐቢይ ጾም አንዱን ፎርማን ብላ ብላ ብሎ ሥጋ በእጁ ቢያስይዘው፣ ፎርማኑ ተቆጥቶ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጎንግ አይ ያለውን ሰው ደግሞ ላይጠይቅ ምሏል።

«ኦቦ ገለታ፣ እኔ የምተረጉመው ያሉትን ነው፤ ያላሉትን ከየት አመጣለሁ?»

ገለታ ጆሮው ጋለ። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ራሱን አወድሶ አያውቅም፣ ሲያወድሱት ሲሰማም ያፍራል። ደግሞ ማታ በር የምትከፍትለት ሎሚ ናት፤ «ምን አሉህ?» ስትለው «ወጣቱ ይቅደም አልኳቸው» ሊላት ነው። ጎንግ ከወንበሩ ተነሳ።

«ንገሪው» አለ ገለታ፤ ድምፁ ከፈለገው በላይ ወጣ። «ዋሽቻለሁ። አልበላሁም፤ ርቦኛል። ሎደርም ትንሽ አይደለም የምችለው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። ወለጋ ውስጥ የሚበልጠኝ ካለ ይምጣ። ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ ለማንም አልለቅም።»

ብሎ ሲያበቃ የሚያውቀው ሰው ሰምቶት እንደሆነ ዞር ዞር ብሎ በሩን አየ።

«ኦቦ ገለታ፣ እስካሁን የት ነበሩ?» አለ ዮሚፍ፤ ወረቀቱን ግን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበ።

ሊሊሴ ረጅም ተረጎመች፤ ምናልባት ከተባለው ትንሽ ረዘም ሳይል አልቀረም። ጎንግ ቆሞ ገለታን አየው፤ መዳፉን እንዲዘረጋ በምልክት ጠይቆ እጁ ላይ የደረቀውን ቆዳ አየ። ተመልሶ ተቀመጠና ወደ ምድጃው አንድ ነገር ጮኸ። ትኩስ ሳህን መጣ። ባለቤቷ ሹካ ላምጣልህ ወይ ስትል ገለታ አንዴም ሳይግደረደር «አዎ» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፤ የዚያን ዕለት ጸሎቱ አጭር ነበር።

ገና ትልቁን ጉርሻ አፉ ውስጥ እንደከተተ ጎንግ ጠየቀ፤ ሊሊሴም አቀበለች። «አሁኑኑ ከመኪናው ጋር ሄደው ሦስት ቀን ይሞከራሉ። ይሄዳሉ?»

«ኧረ አልቸኩልም፣ ሲመቻችሁ» የምትለዋ ቃል ከደረቱ ተነስታ ጉሮሮው ድረስ መጣች። መውጫ አጣች። አፉ ሞልቷል፤ ግማሹ ኑድል አገጩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አይቆረጥ፣ አያልቅ። ገለታ ዓይኑን አፍጥጦ ራሱን ላይ ታች፣ ላይ ታች ነቀነቀ፤ ኑድሉም አብሮት።

ጎንግ ማስታወሻውን ከፍቶ ረጅም መስመር ጻፈ።