ፍየሎች የሚጠጡት ኤሲ

አዋሽ ሳለሁ ሻይ ቤት ነበረኝ። ሻይ ቤት ስላችሁ አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ የቆርቆሮ ጥላ ማለቴ ነው። ከጋራዦቹ ፊት ለፊት ስለነበር ጎማው እስኪለጠፍ፣ ዘይቱ እስኪቀየር የሚጠብቅ ሹፌር ሁሉ እኔ ጋ ይቀመጣል። ሻዬ ይህን ያህል አልነበረም፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ራሴው ልናገረው። ሰው የሚመጣው ለወሬዬ ነው። ታሪኩን ሳልጨርስ መኪናው ተሠርቶለት፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ «ቆይ፣ ሴትየዋ በመጨረሻ ምን አለችው?» እያለ በመስኮት የሚጣራ ሹፌር ብዙ አይቻለሁ። አንዱማ ገዋኔ ደርሶ ደውሎ ነው የጠየቀኝ።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቀሪውን የተማርኩት ዳቦ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና መንገደኛ ረስቷቸው ከሚሄዱ መጻሕፍት ነው። የመጻሕፍቱ ግማሾቹ መጨረሻቸው የተቀደደ ስለነበር መጨረሻውን ከራሴ መጨመር ለመድኩ። ከዚያ ወዲህ ከራሴ መጨመር አስቸግሮኝ አያውቅም። ሰመራ ላይ የደረሰብኝም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል።

ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ከሰው ይልቅ ፋይል የሚያጫውተው። ወደ ሰመራ ሲዛወር ሻይ ቤቴን ትቼ ተከተልኩት። የአዋሽ ሰው ነኝ፣ ሙቀት ምን ያደርገኛል ብዬ ነበር። አዋሽ ላይ ሙቀቱ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ያስቸግራል፣ ይሄዳል። ሰመራ ላይ ግን ባለቤቱ ሙቀቱ ነው፤ ተከራዮቹ እኛ ነን።

በገባን በሳምንቱ የግራ ጎረቤቴ ሻይ ጠራችኝ። መምህርት ናት፣ የደሴ ልጅ፣ ቀሚሷ ሁልጊዜ የተተኮሰ። በሯን ሳልፍ ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ አየር ነፋብኝና የምለውን ረሳሁ። እኔ የምለውን የረሳሁበት ቀን በሕይወቴ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«እናንተ ገና አላስገባችሁም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ኤሲውን ነዋ። እዚህ ያለ ኤሲ ሰው አይኖርም፤ ይበስላል እንጂ።»

«የኛማ መንገድ ላይ ነው» አልኳት። «ከጅቡቲ እየመጣ ነው።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ቤታችን ውስጥ የነበረው አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ ነው፤ ኤሲ የመግዛት ሐሳቡም አቅሙም አልነበረንም። እሷ ግን መምህርት ናትና የቤት ሥራ አትረሳም። በማግስቱ፣ «ደረሰ?» በሳምንቱ፣ «እስካሁን ሚሌ አልደረሰም እንዴ?» በሦስተኛው ሳምንት፣ «በግመል ነው እንዴ የሚያመጡት?» አለችኝና ባሏ ፊት ሳቀች። ያን ዕለት አዋሽ ለሚያውቀኝ አንድ ሹፌር ደወልኩ።

«የተበላሸ ኤሲ ታገኝልኛለህ?»

«የተበላሸ ለምን ፈለግሽ?»

«የሚሠራውን መግዛት ስለማልችል ነዋ።»

አገኘልኝ። አንድ ጋራዥ ጓሮ የተጣለ፣ የሆድ ዕቃው ተፈቶ የተሸጠ፣ ውጪ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ነጭ ሳጥን። ተሳቢውን በራችን ላይ አቁሞ፣ ሰፈሩ እስኪወጣ ክላክሱን ነፍቶ፣ ከረዳቱ ጋር መስኮቱ አጠገብ አሰሩልኝ። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ ጠጋ አለኝ።

«እሜቴ፣ ይሄ እኮ የውጪው ነው። የውስጡስ?»

«የውስጡ ይቆይ» አልኩት። «የውስጡን የሚያየው ማን አለ?»

ባለቤቴ ከቢሮ ሲመጣ ሳጥኑን አየ፤ ቤት ገባና ግድግዳውን አየ፤ ተመልሶ ወጥቶ ሳጥኑን አየ።

«አየሩ በየት ነው የሚገባው?»

«አየር አይገባም። ስም ነው የሚገባው።»

 ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከሥራ መውጫው እየዘገየ መጣ። ቢሮው ኤሲ አለው፤ ለሥራ ያደረበት ፍቅር እንዳይመስላችሁ።

ሁለት ቀን በሰላም ኖርኩ። በሦስተኛው መምህርቷ ሳጥኑ ሥር ቆማ አንጋጠጠች። «የእናንተ አያንጠባጥብም እንዴ? የኔማ ባልዲ ይሞላል።» ኤሲ ሲሠራ ውኃ እንደሚጥል የት አውቄ። በነጋታው በጠዋት አምስት ሊትር ጀሪካን በመርፌ በስቼ፣ ቀዳዳው ላይ ክር ወትፌ፣ ባዶው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ማየት ብቻ መቼ ይበቃል፤ ድምፁም እንዲሰማ ከሥሩ የቆርቆሮ ሳህን አደረግኩለት። ቁልቁል መንገዱ ድረስ ይሰማል። በየጠዋቱ መስኮቱን ከፍቼ ጀሪካኑን እሞላለሁ፤ ባለቤቴ ካልሲውን እያጠለቀ፣ «ኤሲው ቁርሱን በላ?» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም ነበር። ኤሲ ያለው ሰው መስኮት አይከፍትም። ስለዚህ ጀሪካኑን ከሞላሁ በኋላ መስኮቱን ዘግቼ፣ መጋረጃ ጋርጄ፣ እርጥብ ፎጣ አናቴ ላይ ጥዬ እቀመጣለሁ። ዳቦ ብሆን ኖሮ እስከ አራት ሰዓት በደረስኩ። አየር ፍለጋ ስወጣ ደግሞ እንደተቀቀልኩ እንዳይታወቅ ጋቢ ደርቤ ነው የምወጣው። ሰመራ፣ በቀትር፣ ጋቢ። «ኡፍ፣ ብርዱ አጥንቴ ገባ» እላለሁ፤ ላቡ በጋቢው ውስጥ በጀርባዬ እየወረደ። መምህርቷም፣ «ቀንሺው እንጂ፣ ሪሞቱ ላይ ቁጥር አለ» ትለኛለች።

የመጀመሪያ ደንበኞቼ የኋላ ጎረቤቴ ፍየሎች ናቸው። ጎረቤቴ የአፋር እናት ናቸው፣ በዕድሜ የእናቴ እኩያ፤ አምስት ፍየሎችና አሳይታ የተዳረች አንዲት ልጅ አሏቸው። ፍየሎቹ ሳህኑን አገኙት። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ይጠጣሉ፤ አንዷ ቀንደ ሰባራ ወረፋ አታከብርም። እሳቸውም ይህን አይተው ሳጥኑን በእጃቸው ዳበስ አደረጉና፣ «ማሻአላህ፣ ይሄ ማሽን በረካ አለው» አሉ። በማግስቱ አንድ ጣሳ የፍየል ወተት ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ።

እንዲህ ያለ ሰው በር ላይ ቆሞ አይመለስም። እኔ ግን መለስኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ፍየሎቼ ውጪውን ለመዱት። እኔ ውስጡን መቼ ነው የማየው? ወሬ አዋቂ ናት ብለውኛል፤ ቁጭ ብዬ ልስማሽ እንጂ።»

«እማማ፣ ዛሬ ወለሉ እርጥብ ነው።»

ሌላ ቀን ባለቤቴ ጉንፋን ይዞታል አልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ኤሲ ያልለመደውን ሰው ያስላል አልኳቸው። ይህን ስላቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ጋቢዬን አዩና ወተቱን አቀብለውኝ ሄዱ። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ቤቴ አልገባም። አዋሽ ላይ ሰው በሞተር ድምፅ ውስጥ አንገቱን እያሰገገ ይሰማኝ የነበረ ሴት፣ ሰመራ ላይ የምነግረው አጥቼ ለማራገቢያው ማውራት ጀመርኩ። እሱም ራሱን ግራና ቀኝ እየነቀነቀ እንቢ አለኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ጠፋ፣ ሁለተኛው ቀንም ጠፍቶ ዋለ። የሰፈሩ ኤሲ ሁሉ ዝም አለ፤ የመምህርቷ ባልዲ ደረቀ። የኔ ሳህን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እኔ ሞኟ ማቆም እንዳለብኝ ትዝ አላለኝም፤ በጠዋት እንደ ልማዴ ቁርሱን አብልቼው ነበር።

በሁለተኛው ቀን፣ ወደ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ጋቢዬን ደርቤ ከፈትኩ። እማማ ቆመዋል። ከኋላቸው ከአሳይታ ልትታረስ የመጣች ልጃቸው፤ ሕፃኑን ታቅፋለች። አንገቱ ሥር በሙቀት ሽፍታ ቀልቷል፤ ማልቀስ እንኳ ደክሞት ይነጫነጫል። ከሁሉም ኋላ መምህርቷ፣ ማራገቢያ ያደረገችውን ደብተር እንደያዘች።

«መብራት ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው፤ የእናንተ ይንጠባጠባል» አለች። «በሶላር ነው አይደል? ሶላር መሆኑን ለሰው አይናገሩም እንዴ?»

እማማ ግን ስለ ሶላር አልጠየቁም። «ልጄ፣ ለኔ ብዬ አልመጣሁም። ይሄ ሕፃን ጥቂት ይረፍበት። እኛ ውጪ እንሆናለን፤ አራሷን ብቻ አስገቢያት።»

ቁልፉ ባለቤቴ ጋ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፤ በሩም የተከፈተ ነው። መጨረሻ ለሌለው መጽሐፍ ሁሉ መጨረሻ የማገኝ ሴት ለዚህ አጣሁ። ሕፃኑ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ውሸቴን አምኖ አንድ ሰው ሊጎዳ ነው፤ ያውም ክርስትናውም እስልምናውም ገና ያልገባው፣ ክንዴን የማያክል ሰው።

«እማማ፣ ውስጡ ከውጪው ይብሳል» አልኳቸው።

ትሕትና መሰላቸው። «የድሃ ቤት አትበይ፣ አልሃምዱሊላህ በይ» ብለው ገፋ አድርገውኝ ገቡ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። መምህርቷ ከኋላቸው ገብታ፣ «ውይ» ብላ ደብተሩን ወደ ፊቷ አነሳች። ከዚያ ግድግዳውን ታይ ጀመር። ኤሲው መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ያለፈው ዓመት ካላንደር ተሰቅሏል።

«የታለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምንድነው የሚንጠባጠበው?»

መስኮቱን ከፍቼ ጀሪካኑን አወጣሁና አሳየኋቸው። ክሩ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር፤ እሷም ወለሉ ላይ ወደቀች።  ጋቢውን አወለቅኩት፤ ከሥሩ ቀሚሴ ከወንዝ የወጣሁ ይመስል ተጣብቆብኛል። እማማ ጀሪካኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጋቢውን አዩ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም።

«ቆይ» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ሁለት ወር ሙሉ ለፍየሎቼ ውኃ የምትቀጂው አንቺ ነሻ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ማሽኑን ነበር የማመሰግነው። ወላሂ፣ አንድ ቀን ሳምኩትም።»

ከዚያ ተነሱ። ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም፤ የሚያስተኙት ሕፃን አላቸው። ሁለቱንም መስኮት አስከፈቱኝ፤ በሩን በድንጋይ አስደገፉኝ። ጆንያ አስመጡና በውኃ አርሰው፣ ነፋሱ በሚመጣበት መስኮት ላይ ሰቀሉት። ጀሪካኑን ከጆንያው በላይ አንጠለጠሉና፣ «አሁን እዚህ ያንጠባጥብ፤ ሠርቶ እንጀራውን ይብላ» አሉ። ሰሌን አነጠፉ። ያ ሲያነደን የነበረ ነፋስ በእርጥቡ ጆንያ አልፎ ሲገባ ሌላ ነፋስ ሆነ። የደሴ ብርድ ነው አልላችሁም፤ ሰው የሚተነፍሰው ነው። ሕፃኑ ጥቂት ተነጫንጮ፣ ጡት ጎርሶ፣ እጁን ዘርግቶ ተኛ። እናቱም ተከተለችው።

መምህርቷ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ ደብተሯን ስታጣጥፍ ቆየች። ይህን ነገር ሰፈር ታወራዋለች ብዬ ሰግቼ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የኛም እኮ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የሚበራው» አለች። «አንቺ የመጣሽ ቀን የመብራት ቆጣሪው ሲሮጥ እየታየኝ ሻይሽን ቶሎ እንድትጨርሺ ስጸልይ ነበር።»

«አንድ ብርጭቆ ደግሜ ጠጣሁ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እስካሁን አልረሳሁትም።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «በይ አሁን ወሬሽን አምጪ።» ገዋኔ ደርሶ የደወለልኝን ሹፌር ታሪክ ጀመርኩላቸው። ሁለት ወር የተጠራቀመ አፍ ነበር፤ ሕፃኑን እንዳልቀሰቅስ በሹክሹክታ ተረኩት፣ በሹክሹክታ ሰው እንደዚያ ቀን አስቄ አላውቅም። ቢሮውም መብራት የለውምና ባለቤቴ በጊዜ መጣ። በሩ ተከፍቷል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ወለሉ ላይ ሰው ሞልቷል፣ ቀንደ ሰባራዋ ፍየል ደፉ ላይ ቆማ ጋቢዬን ታኝካለች። ጫማውን እያወለቀ ጠየቀኝ።

«ኤሲው ተበላሸ?»

«አይ፣ ገና ዛሬ ተሠራ።»

በአንድ ቀን ሌላ ሰው ሆንኩ ብላችሁ አታምኑኝም፤ አልሆንኩምም። በዚያው ሳምንት አንዲት የአዋሽ ወዳጄ ደውላ ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው ብትለኝ፣ «ኧረ ብርድ ነው» አልኳት፤ ምላሴ ለምዶበታል። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁና መልሼ ደወልኩ። «ዋሽቼሻለሁ፣ ይሞቃል» አልኳት። «ይህን ልትነግሪኝ ነው የደወልሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከበፊቱ ይልቅ ግራ የተጋባችው ያኔ ነው።

ሳጥኑ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። ለፍየሎቹ በሳፋ ነው የምቀዳው፣ በግልጽ። ባለፈው ያ ሹፌር ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ በራችን ላይ ቆመና በመስኮት ብቅ አለ።

«እሜቴ፣ የውስጡን አግኝቼልሻለሁ።»

«ይሠራል?»

«አይሠራም። ግን አዲስ ነው የሚመስለው፤ መብራቷም ብልጭ ትላለች።»

አልዋሻችሁም፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ካላንደሩ ያለበትን ቦታ በዓይኔ ለካሁት።

«ይቅርብኝ» አልኩት በመጨረሻ። «ውረድና ሻይ ጠጣ። ሻዩ እንደ ድሮው ነው፣ ጥሩ አይደለም።»