ጭነቱ አየር ላይ እያለ

ሠረቀብርሃን አለማየሁ ክሬን ከመንዳቱ በፊት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ታክሲ ነድቷል። ያኔም ቢሆን ሰውዬው ይኸው ነበር። ሃያ አምስት በተጻፈበት መንገድ ላይ ሃያ አራት ይሄዳል። ተሳፋሪው ፕሌን ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ቢጮህ እንኳ ንቅንቅ አይልም። እኛ ጓደኞቹ "ካንተ ታክሲ እግር ይሻላል" እያልን እንስቅበት ነበር። እሱም አብሮን ይስቅና በማግሥቱ ያንኑ ሃያ አራቱን ይነዳል።

የታክሲ ሥራ ሲሞት ሁላችንም ወዲህና ወዲያ ስንራወጥ እሱ የክሬን ሥልጠና ገባ። በአርባ ዓመቱ የሃያ ዓመት ልጆች መሀል ቁጭ ብሎ ተማረ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሌሎች ኦፕሬተሮችን ማሽን ግራሶ ሲቀባ ቆየ። ሰው አበደ ብሎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብዬዋለሁ። የሱ ነገር ግን ከልጅነቱ የመጣ ነው። አባቱ ጋሽ አለማየሁ ወንጂ ሠላሳ አንድ ዓመት የሸንኮራ አገዳ የሚያወርድ ክሬን ነድተው ነው ጡረታ የወጡት። እሑድ እሑድ ከቸርች ሲመለስ ይደውልላቸዋል። ጤና ከተጠያየቁ በኋላ ሽማግሌው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ "ስንት ቶን አነሣህ? ነፋሱስ?"

እኔ በፈቃዱ እባላለሁ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከሆቴል ፓርኪንግ አውጥቶ ለዚህ ሥራ ያበቃኝ ሠረቀብርሃን ነው። ሥራዬ ማውራት ነው። ሚስቴ ስትሰማ "ተመስገን፣ በመጨረሻ ለምላስህ የሚከፍል ተገኘ" ብላኛለች። ኦፕሬተሩ ጭነቱ የሚያርፍበትን ቦታ ማየት በማይችልበት ጊዜ እኔ ቦታው ላይ ቆሜ በሬዲዮ እነግረዋለሁ። ወደ ታች፣ አሥር ጫማ፣ ስምንት፣ አምስት እላለሁ። ሕጉ አጭር ነው። ድምፄ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ዝም ካልኩ ክሬኑ ይቆማል። ኦፕሬተሩ የሚያወርደው ባይኑ ሳይሆን በኔ ቃል ነው።

ባለፈው ዓመት ከአሌክሳንድሪያ ሦስት ሰዓት ተኩል በሚያስነዳ ረግረጋማ የባሕር ዳርቻ ላይ የሮኬት ማስወንጨፊያ ሲሠራ ሁለታችንም እዚያ ተመደብን። ክሬኑ ተፈታትቶ የመጣው በሰባ ሁለት የጭነት መኪና ነው። ለመገጣጠም ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጎማ የለውም፤ እንደ ጦር ታንክ በሰንሰለት ነው የሚሄደው። ክንዱ ሲቀና አርባ ፎቅ ያህላል። መጀመሪያ ቀን ከሥሩ ቆሜ ሽቅብ ሳየው ወደ ኋላ አፈገፈግሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ሠረቀብርሃን ግን ጠዋት ጠዋት የሰንሰለቱን ብረት አንድ ባንድ በእጁ እየነካ ይዞረዋል፤ ከዚያ የካቢኑን መስታወት በጋዜጣ ይወለውላል፤ ከዚያ ይወጣል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው አካባቢ በተከራየነው ቤት እናድራለን፤ ዓርብ ማታ በኔ መኪና ወደየቤታችን እንገባለን። በዚያ ሳምንት ግን ትልቁ ጭነት ቅዳሜ ስለሚነሣ አልሄድንም።

ሐሙስ ከምሳ በፊት የሠረቀብርሃን ሚስት ዕድላዊት ደወለችልኝ።

"በፌ፣ አጠገብህ ነው?"

"የለም፣ ክሬኑ ላይ ነው። ምነው?"

"ጋሽ አለማየሁ አረፉ። ማታ ነው፤ ደህና አምሽተው ተኝተው በዚያው ቀሩ።"

እዚያው የነበረ የሲሚንቶ ብሎክ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ባለፈው እሑድ በሠረቀብርሃን ስልክ ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፤ "ያ ለፍላፊ ጓደኛህ ደህና ነው?" ብለው ስለኔ ጠይቀዋል።

"እንዳትነግረው" አለች ዕድላዊት እያለቀሰች። "ጋሽ ሀብቴ ቅዳሜ ሁላችንም ሄደን እናረዳዋለን ብለዋል። ሰው በሌለበት፣ በዚያ ላይ ያንን ማሽን እየነዳ እንዴት ይሰማል? በፌ፣ በእግዚአብሔር!"

መርዶ በስልክ የሚናገር የኛ ሰው የለም። ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሽማግሌ ይቀድማል፤ ሰውዬውን አስቀምጠው ደግፈው ይነግሩታል። መንገደኛ ከሆነ እስኪመለስ ይደበቃል፤ የታመመ ከሆነ እስኪሻለው። እኔ ራሴ የእናቴን ሞት የሰማሁት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ የደበቁኝን ሁሉ ልደበድብ ምንም አልቀረኝም ነበር። ንዴቱ ምንም አላስተማረኝም መሰለኝ፣ ለዕድላዊት "እሺ" አልኳት።

ጋሽ ሀብቴ የምንላቸው ጋሽ ሀብተማርያም የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከአናንዴል እስከ ሮክቪል ያለ መርዶ ሁሉ በሳቸው እጅ ያልፋል። ዓርብ ማታ ደወልኩላቸው።

"ጋሽ ሀብቴ፣ ጭነቱ የሚነሣው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ መቶ ሰማንያ ቶን ነው። እባክዎን እኔ እስክደውል እዚህ ከመድረሳችሁ በፊት ካለው ጋዝ ስቴሽን እንዳትነሡ።"

"ይሄን ለኔ ተወው ልጄ" አሉኝ።

በነዚያ ቀናት ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ሐሙስ ምሳ ስንበላ ሠረቀብርሃን ስልኩን አስቀምጦ "አባዬ ፒክ አያደርግም። ስለ ጭነቱ ልነግረው ነበር" አለኝ። "ኔትወርክ ይሆናል" አልኩት። ዓርብም ያንኑ አለኝ፤ ዓርብም ያንኑ መለስኩለት። ሳንድዊቹን ለሁለት ገምሶ ሰጠኝ፤ ተቀብዬ በላሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ከሥራ በፊት ሁላችንም ክብ ሠርተን ቆምን። አለቃችን ዳያን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ ሁሌም እንደምታደርገው አንድ ባንድ እያየችን ጠየቀች። እንቅልፍ ያጣ አለ? ቤቱ ችግር የገጠመው አለ? ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሆነ አለ? አንዱ ወጣት ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ተናገረ፤ ወዲያው በሌላ ተካችውና ወደ ቤቱ ላከችው። እኔ ጋ ስትደርስ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ሁላችንም ስልካችንን ሣጥን ውስጥ ከተትን፤ ጭነቱ እስኪቀመጥ ስልክ ክልክል ነው።

ነፋሱ ግን እምቢ አለ። ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው መለኪያ ከሚፈቀደው በላይ እያሳየ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። እኔ ስልኬ ያለበትን ሣጥን እየተመላለስኩ አየሁ። ዳያንን አንድ ጊዜ ስልክ ልደውል ብላት ለምን ብላ ትጠይቀኛለች፤ ለምን እንደሆነ ብነግራት ሠረቀብርሃንን ታስወርደዋለች። ጋሽ ሀብቴ ይጠብቃሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አራት ሰዓት ላይ ነፋሱ ወደቀና ሥራ ተጀመረ።

ጭነቱ ለሮኬት ነዳጅ የሚሆን ትልቅ ታንክ ነው። የሚያርፈው ፍንዳታ እንዲመክት ከተሠራ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ጀርባ ነው፤ እግሩ ሃያ አራት ብሎኖች ላይ ልክክ ብሎ መግባት አለበት። ሠረቀብርሃን ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ምንም አያይም። እኔ ከውስጥ ቆሜያለሁ። አራት ሰዎች እንዳይሽከረከር ታንኩን በገመድ ይዘውታል። ታንኩ ግድግዳውን ተሻግሮ ከራሳችን በላይ ሲመጣ ፀሐይዋ ጠፋች። "ወደ ታች፣ አርባ ጫማ፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ" እያልኩ ነበር።

"በፌ" አለ ሬዲዮው።

በአማርኛ ነው የተናገረው። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሬዲዮ ላይ አማርኛ ተናግሮ አያውቅም።

"የቸርቹ ቫን የግቢው በር ላይ ቆሟል። ዕድላዊትም መኪናዋን አቁማለች። ጋሽ ሀብቴ እየወረዱ ነው። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል።"

እኔ ካለሁበት በሩ አይታይም። ለኔ የሚታየኝ የታንኩ ሆድና የአራቱ ሰዎች ፊት ነው። ዝም አልኩ። ዝም ስል ክሬኑ ቆመ። አንድ መቶ ሰማንያ ቶን ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ገመድ ከያዙት አንዱ "ምን ተፈጠረ?" ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። ዳያን በሬዲዮ ስሜን ጠራች። ከሷ በላይ ግን የሱ ድምፅ ነበር።

"አባዬ ነው?"

እውነቱን ብነግረው እጁ ቢንቀጠቀጥስ? ክሬኑን ቢተወውስ? ከሥር ያሉት ሰዎችስ? ብዙ ያሰብኩ ይመስላል እንጂ ከሁለት ሴኮንድ በላይ አልፈጀም። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፤

"ኧረ አይደለም! ሊጎበኙን ነው። ሮኬቱን ሊያዩ ነው የመጡት።"

ሮኬት የሚባል ነገር ገና የለም። ያለው ጭቃና ሲሚንቶ ነው።

"ኮፒ" አለ በእንግሊዝኛ፤ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው።

ቁጥሬን ቀጠልኩ። እሱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። "አሥር ጫማ" ስለው ትንሽ ብቻ ወርዶ ይቆማል፤ "ድገም" ይለኛል። እደግማለሁ። እንደገና ትንሽ ይወርዳል፤ እንደገና "ድገም" ይላል። አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ አርባ ደቂቃ ፈጀ። የሰዎቹ ክንድ ገመዱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ በልቤ "ሐዘኑ ነው፣ ምስኪን፣ ገብቶታል" እል ነበር። በመጨረሻ ታንኩ አንዱንም ብሎን ሳይነካ ሃያ አራቱም ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ አጨበጨቡ።

ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ጽፎ ወረደ። እሱን ሲያዩ ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሴቶች ልቅሶ ጀመሩ። እሱ ግን ወደነሱ አልሄደም። ግድግዳውን ዞሮ ወደኔ መጣ።

"መቼ?"

"ረቡዕ ማታ። እኔ ሐሙስ ነው የሰማሁት።"

"ሐሙስ" አለ። "ኔትወርክ ነው አልከኝ።"

"ሠረቀ፣ ታውቀዋለህ፣ ደንባችን ነው፤ ጋሽ ሀብቴ ናቸው…"

"እሱን ተወው። እኔም ላንተ እንደዚያው አደርግ ይሆናል።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ሬዲዮ ላይ ግን ጠየቅሁህ። 'አስቀምጠውና እነግርሃለሁ' ብትለኝ አባቴ መሞቱን እያወቅሁ አወርደው ነበር። ሊጎበኙን ነው አልከኝ። ቀጥለህ ደግሞ አምስት ጫማ ቀረ አልከኝ። አምስቱን በምን ልመን? አራት ሰው ከሥር ነበር እኮ፣ በፌ!"

ያ ሁሉ "ድገም"፣ ያ አርባ ደቂቃ፣ ሐዘን አልነበረም። ያላመነኝ ሰው ጨለማ ውስጥ እንደሚዳስስ እየዳሰሰ ነው ያወረደው። ቁጥሬ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ሰዎቹን የሚያተርፋቸው እኔን አለማመኑ ነበር።

ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደ። ጋሽ ሀብቴ ክንዱን ይዘው "ልጄ፣ እግዚአብሔር ሰጠ…" ብለው ሲጀምሩ ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ዳያን አጠገቤ ቆማ ነበር። ሐሙስ እንደሰማሁ ስነግራት አፏን ያዘች። "አውቀህ ነበር?" አለችኝ። "አውቀህ ከሥር ቆምክ?"

አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ሲቀመጥ በየቀኑ ሄድኩ። ወንበር ደረደርኩ፣ ውሃ አቀበልኩ። ሠረቀብርሃን አልኮረፈኝም፤ አቅፎ ሳመኝ፤ "በፌ ይብላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል" ብሎ ሳህን አሰጠኝ። አለፈ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ወደ ሥራ ስንመለስ ግን የሥራ ምደባው ሰሌዳ ላይ ከሱ ስም ቀጥሎ በኔ ፈንታ የሌላ ሰው ስም ተጽፎ አየሁ። ዳያን አይደለችም የቀየረችኝ፤ እሱ ነው የጠየቀው።

"ተቀይመኸኛል ማለት ነው?" አልኩት።

"አልተቀየምኩህም። እሑድ ልጆቹን ይዘህ ቤቴ ና፣ ዕድላዊት ትጠብቅሃለች።" ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። "ከግድግዳው ጀርባ ግን ያንተን ድምፅ ሰምቼ ማውረድ አልችልም።"

እሑድ ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። ሰኞ ተመልሼ ገመድ ያዝኩ። አሁን ቁጥሩን ሌላ ሰው ይናገራል፤ እኔ ከጭነቱ ሥር ቆሜ እሰማለሁ፤ ሠረቀብርሃን አንድም ጊዜ "ድገም" አይለውም።